የመጀመሪያው ቅጣት

ቱሉ ዲምቱ ውስጥ «እኔ የሰፈሩ ነባር ነኝ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወንበር ለመልቀቅ አትቸኩሉ። ነባርነቱ ቢመረመር ከእናንተ አንድ ክረምት ቀድሞ ቁልፍ መረከቡ ነው። ነባር ቢባሉ የሚያምርባቸው፣ ኮንዶሚኒየሙ ሳይቆም እዚህ መሬት ላይ ሲያርሱና ከብት ሲያግዱ የኖሩት ገበሬዎች ናቸው። እኛ ሌሎቻችን ዕጣ የወጣልን፣ ወይም ዕጣ ከወጣለት ሰው የተከራየን ነን። 20/80 ተመዝግበን፣ ሃያውን ቆጥበን፣ ሰማንያውን ከባንክ ተበድረን፣ ስማችን ሲወጣ እልል አስብለን፣ ከዚያ ቤቱን ልናይ በታክሲ ስንመጣ «ቆይ፣ ይሄ አዲስ አበባ ነው አዳማ?» ያልን ሰዎች ነን። ጥያቄው ደግሞ መሠረት አለው። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ የክፍያ በሩ እዚሁ ደጃችን ነው። ሹፌሩ ትንሽ ቢዘናጋ ከፍለን አዳማ ነበርን።

አዲስ ገቢ በበዛበት ሰፈር ማዕረግ መፈለግ አይቀርም፤ እኛም አበጅተናል። ከሁሉ በላይ መብራት ሳይገባ የገቡት አሉ፤ ያን የሻማ ዘመን ሲተርኩ ማይጨው የዘመቱ ይመስላሉ። ቀጥሎ ውሃ ሳይገባ የገቡት፣ ከዚያ ደግሞ ኮብልስቶኑ ሳይነጠፍ ገብተው ጥቁሩ ጭቃ አንድ እግር ጫማቸውን ያስቀረባቸው። «እኔ ስመጣ ሁሉም ነበረ» የሚል ሰው በብሎክ ስብሰባ ላይ እጁን ቢያወጣ ሰብሳቢው ወደ ሌላ ወገን ያያል።

ሰው ግን በማዕረግ ብቻ አይኖርም። በድሮው ሰፈር ጎረቤት አይመረጥም፤ ግድግዳው አንድ፣ ጓሮው አንድ፣ ቧንቧው አንድ ነበር። የጎረቤት ወጥ ማረሩን ከባለቤቷ ቀድመን እናውቅ ነበር። እዚህ ሁላችንም የብረት በር ዘግተን፣ ደረጃ ላይ ስንተላለፍ አንገታችንን ሰበር አድርገን «ሰላም ነው?» እንባባላለን፤ መልሱን የሚጠብቅ የለም፣ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ይሄዳል። ስለዚህ መቀራረቢያውን በእጃችን መሥራት ነበረብን። መጀመሪያ ዕድር ተቋቋመ። ዕቁቡ ተከተለ። የማታ የማታ ደግሞ፣ ቦርጩ ከቀበቶው በላይ ለተረፈ ወንድ ሁሉ መጠጊያ የሚሆን የጤና ቡድን ተመሠረተ።

የጤና ቡድን የሌለው ሰፈር አዲስ አበባ ውስጥ ስለማይገኝ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ለወጉ ያህል ግን ልበል። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰዎች ለጤናቸው ሲሉ እሑድ እሑድ ኳስ ይጫወቱና ሰኞ ሰኞ እያነከሱ ሥራ ይገባሉ። ጤናው ስሙ ላይ ነው። ከአባላቱ ግማሹ ጉልበቱን፣ ሌላው ግማሽ ወገቡን ያሠረ ነው፤ ምንም ያላሠረው ዳኛው ብቻ ነው፣ እሱም ስለማይሮጥ ነው። ሜዳችን በብሎኮቹ መካከል ለሌላ ነገር የታሰበ ክፍት ቦታ ሲሆን፣ የታሰበው ነገር እስኪመጣ እኛ እንጫወትበታለን። አንዱ ጎል ብረት አለው፤ የሌላው ቋሚ ሁለት ድንጋይ ነው። በአንድ ጎን ፍሳሽ ቦይ አለ፤ በሌላው ጎን እሑድ የማያርፍ የበግ መንጋ። ሰማዩ ከጠራ ከወደ ምሥራቅ የረር ይታያል፤ በጣም ከጠራ ደግሞ ደቡቡ ላይ ዝቋላ። ትንፋሽ ያጠረው ሁሉ ቆም ብሎ «ዝቋላ ዛሬ እንዴት ጎልቷል!» ይላል፤ አይታወቅበትም።

አዲስ ገቢ ከሩቅ ይለያል። ጥሪው «ከንጋቱ 12 ሰዓት» ስለሚል 12 ሰዓት ላይ ይመጣል። ሜዳው ላይ ከበጎቹ በስተቀር ማንም የለም። ታኬታው አዲስ፣ ካልሲው እስከ ጉልበቱ የተሳበ፣ ማሊያው የአርሰናል ወይም የማንቸስተር፤ ጥላውን እያየ ብቻውን ያሟሙቃል። 12 ከሩብ ላይ አንዱ ጃኬቱን እንደደረበ፣ ሌላው ከቤተ ክርስቲያን ነጠላውን እንደለበሰ፣ ሌላው ዳቦ በፌስታል አንጠልጥሎ ይደርሳል። ያኔ ጥያቄው ይጀመራል። ስም መጨረሻ ነው የሚጠየቀው። መጀመሪያ «ብሎክ ስንት?»፣ ከዚያ «ስንተኛ ፎቅ?» ነው። አራተኛ ካለ ሁላችንም ከንፈራችንን እንመጣለን፤ በጀሪካን ውሃ ተሸክሞ አራት ፎቅ የሚወጣ ሰው ማሟሟቅ እንደማያስፈልገው እናውቃለን። ቀጥሎ «የማን ደጋፊ ነህ?» ይመጣል፤ ይህ ጥያቄ በሰፈራችን ጠላትና ወዳጅን የሚለየው ብቸኛው ጥያቄ ነው። ከዚያ «ሥራህስ?» ይባላል። ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ ካለ ጨዋታው ሳይጀመር ሦስት ቀጠሮ ይይዛል። ሐኪም ነኝ ያለ ዕለት ደግሞ ሜዳው ተመላላሽ ታካሚ ክፍል ይሆናል፤ ሁሉም የሱሪውን እግር ሰብስቦ ጉልበቱን ያሳያል።

ከዚያ ሰብሳቢያችን ክብ አሠርተው ንግግር ያደርጋሉ። «እዚህ አለቃና ምንዝር የለም፤ አንድ ቤተሰብ ነን። ወንድማችንን እንኳን ደህና መጣህ እንበል።» እናጨበጭባለን። በቴሌግራሙም ያን ዕለት አበባው፣ ርችቱ፣ የተያያዙ እጆቹ ይዘንባሉ። የመግቢያው ክፍያም ይነገረዋል። ዕድር ዘግይቶ የሚገባን ሰው ከድንኳኑና ከድስቱ ድርሻውን አስልቶ እንደሚያስከፍለው ሁሉ፣ እኛም ከኳሱና ከመረቡ ድርሻውን እናስከፍላለን። ከኳሶቹ አንዱ ቦዩ ውስጥ ገብቶ የቀረው ባለፈው ክረምት ነው፤ እሱም ይታሰብበታል። አዲሱ ሰው በደስታ ይከፍላል፤ ገባሁ ብሎ ያስባል። ገና ነው።

ሜዳ ሲገባ በረኛ ይሆናል። ይህ ሕግ የትም አልተጻፈም፤ ግን በረኛ ሆኖ ያልጀመረ አባል የለንም። «ለጊዜው እዚያ ቁም፣ ትንሽ እስክትላመድ» ይባላል፤ ለጊዜው የተባለው እስከሚቀጥለው አዲስ ገቢ ድረስ ነው። አንዳንዱ ቅር ሲለው የቡድናችን የታሪክ አዋቂ ጠጋ ብለው ያጽናኑታል። ጥር 2005 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው እየተመራች ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳለች። ከዛምቢያ ጋር በነበረው ጨዋታ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ሲሳይ ባንጫ ተተካ፣ በአሥር ሰው አንድ አቻ ወጣን። ከናይጄሪያ ጋር ሩስተንበርግ ላይ ስንጫወት ደግሞ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሲሳይም በቀይ ወጣ። ቅያሪው አልቋል። አማካዩ አዲስ ህንጻ ጓንቱን አጥልቆ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ከቆመው ቪክተር ሞሰስ ፊት ተገተረ። «አየህ፣» ይላሉ አዋቂያችን፣ «ስሙም አዲስ ነው። አዲስ ሰው በር ላይ ሲቆም ከአንተ አልተጀመረም።» ጎሉ ስለመግባቱ ቀጥለው አይነግሩትም፤ አዲሱ ሰው ግን ጨዋታውን ያየ ስለሆነ ያስታውሰዋል።

በረኛ መሆኑም ቢሆን አባል አያደርግም። ዋናው ምልክት ያለው ሰው እንዴት እንደሚጮኽበት ላይ ነው። አዲሱ ሰው ኳሷ በእግሮቹ መሀል ስታልፍ «አይዞህ ወንድማችን፣ ያጋጥማል!» ይባላል። ያችው ኳስ በነባሩ እግር መሀል ብታልፍ «አንተ ሰውዬ፣ በሩን ከፍተህ ነው እንዴ የተኛኸው!» ነው። «ወንድማችን» በተባለ ቁጥር ሰውየው ገና ደጅ እንደቆመ እወቁ። ጨዋነታችን ወደር የለውም፤ ለአዲስ ገቢ ውሃ ቀድመን እንሰጣለን፣ ሲወድቅ አራት ሆነን እናነሣለን፣ ቁርስ ላይ የእሱን ሒሳብ ለመክፈል እንተናነቃለን። እሱም «እንዴት ያሉ ጥሩ ሰዎች ናቸው» ብሎ ለሚስቱ ይነግራታል። እሷ ግን ቀድማ ታውቀዋለች፤ ሕጉ በቡናውም ያው ነውና። ሰፈሩ ውስጥ አዲስ የገባች ሴት የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ምቹው ወንበር ይሰጣታል፣ አቦሉም ለእሷ ይቀዳል። አንድ ቀን አከራይዋ ወይም ባለ ተራዋ ጎረቤት ሽንኩርት እየከተፈች ዞር ሳትል «እስቲ ነይ አንቺ፣ ቡናውን ቁዪልኝ» ትላታለች። ያን ቀን ገባች።

ለወንዶቹ ቡና መቁላቱን የሚተካው የገንዘብ ያዣችን ደብተር ነው። ገንዘብ ያዣችን ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው፤ ከመሥሪያ ቤት ቢወጡም መሥሪያ ቤቱ ከእሳቸው አልወጣም። ደብተሩ ጥግና ጥጉ በፕላስተር የተጠገነ ሲሆን ከፌስታል ውስጥ ይወጣል፣ ከፌስታል ውስጥ ይገባል። በማስመሪያ የተሠመሩ አምዶች አሉት፤ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የጥፋቱ ዓይነት፣ የብር መጠን፣ ምርመራ። ጥፋት የሚባሉት የታወቁ ናቸው። ማርፈድ፣ ጨዋታ ላይ ስልክ ማናገር፣ ዳኛውን በእናቱ መሳደብ፣ ለቅሶ መቅረት። የደብተሩ ውበት ያለው ግን ምርመራ በሚለው አምድ ነው። «መንገዱን አህዮች ዘጉብኝ ብሏል። ተቀባይነት የለውም።» «ሚስቴ ቁልፉን ይዛ ሄደች ብሏል። ሚስቱ ተጠይቃ ክዳለች።» «ሰዓቴ ቆሞ ነው ብሏል። ሰዓት አያሥርም።»

እንግዲህ አንድ እሑድ አዲሱ ሰው፣ አሁን በ12 ሰዓት የሚመጣው ጅል ብቻ መሆኑን ስለተረዳ፣ 12 ተኩል ይደርሳል። ሁላችንም ቀድመነዋል። ገንዘብ ያዡ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ያወርዱና ሰዓታቸውን ያያሉ፤ ደብተሩን ከፌስታሉ ያወጣሉ፤ እስክሪብቶውን ጆሯቸው ላይ ቢያገኙትም ለወጉ ኪሳቸውን ይዳብሳሉ። «ሃምሳ ብር» ይላሉ። ሰውየው ይስቃል፤ ቀልድ መስሎታል። ማንም አይስቅም። «እኔ እኮ አዲስ ነኝ!» ይላል። «ነበርክ» ይላሉ ገንዘብ ያዡ፣ ስሙን እየጻፉ። ያኔ ግርግሩ ይጀመራል። አንዱ «ይማር፣ የመጀመሪያው ነው» ይላል። ሌላው «እኔ የመጀመሪያዬ ሆኖ ማን ማረኝ?» ብሎ ይነሣል። ሰብሳቢው ሥነ ሥርዓት ያስከብራሉ፤ ዳኛው ፊሽካ ይነፋል። ሰውየውም መጀመሪያ ያፍራል፣ ቀጥሎ ይቆጣል፣ ከዚያ «ባለፈው ሳምንት እሱ ሲያረፍድ ለምን አልተቀጣም?» ብሎ አጠገቡ ያለውን ሰው ያጋልጣል። በቃ። ሰውን ለማጋለጥ የበቃ ሰው እንግዳ አይደለም። ሃምሳ ብሩን አውጥቶ ሲወረውር «ሌቦች ናችሁ!» ይላል፤ እኛም ከልባችን የምናጨበጭብለት ያን ጊዜ ነው። ቅጽል ስሙም በዚያው ሰሞን ይወጣለታል። ተከላካያችን ሳይመታው ማንም አያልፍምና «ክፍያ መንገድ» ይባላል፤ ክንፋችን ደግሞ ኳስ በያዘ ቁጥር ስለሚቆም «ወራጅ አለ» እንለዋለን።

ይህን ሥርዓት የሚነቅፉ አሉ፤ በተለይ ሚስቶቻችን። «ሰው ተቀበሉ ሲባሉ ሰው ይቀጣሉ» ይላሉ። እኛም አንድ ጊዜ ምክራቸውን ሰምተን ሞክረነዋል። ትልቅ ቦታ የሚሠሩ፣ ትልቅ መኪና ያላቸው ሰው መጡ። ሰብሳቢው ንግግሩን አስረዘሙ። በረኛ ሁኑ የሚላቸው ጠፋ፤ አጥቂ ሆኑ። ኳስ ከየአቅጣጫው ተላከላቸው፤ ከጨዋታ ውጪ ሲቆሙ መስመር ዳኛው ዝቋላን ያያል። ፍጹም ቅጣት ምት ሲመቱ በረኛችን ኳሷ ከመመታቷ በፊት በተቃራኒው ወገን ተኝቶ ነበር። ሲያረፍዱ ደብተሩ ከፌስታሉ አልወጣም፤ እንዲያውም እሳቸው እስኪደርሱ ጨዋታው ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። ቁርስ ላይ ጀርባ ያለው ብቸኛው ወንበር የእሳቸው ሆነ። ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ አንድ ሁለቴ ቀልድ ሞክረው ሁላችንም ከመጠን በላይ ስቀንባቸዋል። ጥቂት እሑዶች መጥተው ቀሩ። እንግዳ ሆነው እንደመጡ እንግዳ ሆነው ሄዱ። አሁን ሜዳው አጠገብ ሲያልፉ መስታወታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም ይሉናል፤ እኛም እጅ ነሥተን እንመልሳለን፤ እነሆ ይኸው መከባበራችን እስከ ዛሬ አልተቋረጠም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ገብቶኛል። ሰውን ማክበር ቀላል ነው፤ ሩቅ አስቀምጦም ይከበራል። ለመቅጣት ግን ሰውየው ቅርብ መሆን አለበት። የሚቀጥለው እሑድ ይመጣ አይመጣ እርግጠኛ ያልሆንክበትን ሰው ሃምሳ ብር አትለውም፤ ጥሎህ ይሄዳል ብለህ ትፈራለህ። ደግሞስ የማርፈድ ቅጣት ምን ማለት ነው? ያረፈደ ሰው እንዲቀጣ መጀመሪያ አለመኖሩ መታወቅ አለበት። 12 ከሩብ ላይ አንድ ሰው ዙሪያውን ቃኝቶ «ያ ሰውዬ የት ቀረ?» ማለት አለበት። ቱሉ ዲምቱ ላይ አንድ ሰው ዓርብ ማታ በሩን ዘግቶ እስከ ሰኞ ባይወጣ ደረጃው ላይ ማን ያስተውላል? ገንዘብ ያዣችን ያስተውላሉ። በማስመሪያ ያሠመሩለት ቦታ አለው። የቀረው ታሞ እንደሆነ ደግሞ ያው ደብተር ተገልብጦ ከኋላው «የጥየቃ መዋጮ» ይላል፤ በቅጣት የተሰበሰበው ብር ብርቱካንና ሙዝ ሆኖ አራተኛ ፎቅ ይወጣል። ሰው መድኃኒቱ ሰው ነው የሚባለው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው፤ ለጤና ቡድናችንም ስሙ ያለ ነገር አልወጣለትም ለማለት የምደፍረው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

ቅጣቱ ከተከፈለ በኋላ ቁርስ ነው። ቁርሳችን ፉልና ጨጨብሳ የሆነው ድህነት ብቻ አስገድዶን እንዳይመስላችሁ። መካከላችን ክርስቲያንም ሙስሊምም ስላለ ሥጋ ከታዘዘ ማን እንደባረከው መጠየቅ ይመጣል፤ ፉል ግን የሁላችንም ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ እንቁላሉ ከፉሉ፣ ቅቤው ከጨጨብሳው ይወጣል፤ በረመዳን ሙስሊም ጓደኞቻችን ፊሽካውን ይረከባሉ፣ በዚያ ወር የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ብዛት የርሃቡን መጠን ያሳያል። አዲሱ ሰው ሃምሳ ብሩን በከፈለ ዕለት ሒሳቡን የሚከፍልለት የለም። እጁን ኪሱ ሲከት ማንም «ተው፣ በሞቴ!» አይለውም። ይልቁንም ከወዲያ ጥግ «ሻዩን ሁሉ አንተ ጠጥተህ እኩል ልትከፍል ነው?» የሚል ድምፅ ይመጣል። ሰውየው ግን ፊቱ በርቶ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። ሚስቱ «ዛሬስ እንዴት ነበሩ?» ስትለው «እነዚህ ሰዎች ዓይን አውጣ ናቸው!» ይላታል። እሷም ቡናውን እያቀራረበች «እንኳን ደስ ያለህ» ትለዋለች።

ሥርዓቱ አንድ ጉድለት አለው፤ አዲስ ገቢ ቶሎ ያረጃል። መጨረሻ የገባው ሰው አሁን ከገንዘብ ያዡ ብሶ ሰዓት የሚቆጥር እሱ ሆኗል። በማርፈድ ላይ የሚጣለው ቅጣት በደቂቃ እንዲሰላ ሐሳብ አቅርቧል፤ «እኔ ስገባ እንዲህ ልቅ አልነበረም» ሲል የሰሙት አሉ፣ የገባው ከፋሲካ ወዲህ ነው። ይባስ ብሎ ከጎል ወጥቼ አጥቂ ካልሆንኩ እያለ ነው፤ መብቱም ነው። ስለዚህ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ሰሞኑን ቤት የገባችሁ፣ ልጅነታችሁ ላይ በጨርቅ ኳስ የተጫወታችሁና ጉልበታችሁ ገና ያልታሠረ ወንድሞች ካላችሁ ኑልን። ሰብሳቢያችን ንግግራቸውን አዘጋጅተው ይጠብቃሉ። ጨዋታው እሑድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። ቶሎ ቤተኛ መሆን የሚፈልግ ግን 12 ተኩል ላይ ይድረስ፤ ሃምሳ ብሩን ዝርዝር ይዞ ቢመጣ ደግሞ ገንዘብ ያዡ ያመሰግኑታል።